የጥንት የኢጣሊያ ዳንቴልና ጥልፍ የቤት ጨርቆች፦ የትኛው ለጠረጴዛ፣ የትኛው ለአልጋ፣ የትኛው ለሣጥን?

በቶስካናዋ አሬትሶ ከተማ ከ1968 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየወሩ የመጀመሪያ እሑድና በዋዜማው ቅዳሜ የጥንት ዕቃዎች ገበያ ይቆማል። ከጨርቅ ሻጮቹ ፊት የቆመ ሰው ወዲያው ግራ ይጋባል። ለአሥራ ሁለት ሰው የሚበቃ ጥልፍ የጠረጴዛ ልብስ ከነናፕኪኑ በመጠነኛ ዋጋ ተዘርግቷል፤ አጠገቡ በመስተዋት ሳጥን ውስጥ የተቀመጠችው የመዳፍ ስፋት ያላት የዳንቴል ቁራጭ ደግሞ የእርሱን ብዙ እጥፍ ተጠይቆባታል። ሻጩ ስለ ሁለቱም የሚናገረው አንድ ነው፦ ጥንታዊ ነው፣ የእጅ ሥራ ነው። ሁለቱም እውነት ሊሆን ይችላል። ለገዢው ግን ይህ ምንም አይነግረውም።

ይህ መመሪያ የሚጠቅመው ለቤቱ ወይም ለሠርግ ስጦታ ለሚገዛ ሰው ብቻ አይደለም። በሮም፣ በሚላኖና በሌሎች የኢጣሊያ ከተሞች በሰው ቤት የሠሩ፣ አረጋውያንን የጦሩ ኢትዮጵያውያን እህቶች ብዙ ናቸው። ከመካከላቸው ከአሠሪዋ የተሰጣት አንሶላና የጠረጴዛ ልብስ በሣጥን ያስቀመጠች ካለች፣ ከመጠቀሟ ወይም ከመሸጧ በፊት ምን እንደያዘች ብታውቅ ይበጃታል።

አቋሜን ቀድሜ ልናገር። አብዛኛው ገዢ የሚጎዳው የታዋቂ ቦታ ስም ሲያሳድድ ነው። ለሚገለገልበት ሰው ከሁሉ የሚያዋጣው የታዋቂ ቦታ ስም የሌለው የሙሽራ ጨርቅ፣ ማለትም ሙሽራ ለትዳር ይዛው የምትገባው አንሶላና ፎጣ ነው፤ ምክንያቱን ወደ ታች እደርስበታለሁ።

በምን እንመዝን?

የመጀመሪያው መስፈርት አገልግሎቱ ነው። ወጥ የሚፈስበት ጠረጴዛ ላይ ሊዘረጋ ነው ወይስ በመስተዋት ተገጥሞ ግድግዳ ላይ ሊሰቀል? ይህን ሳይወስኑ ዋጋ መጠየቅ ጊዜ ማባከን ነው።

ሁለተኛው አሠራሩ ነው። በእጅ ወይስ በማሽን? በእጅ ከሆነስ በመርፌ፣ በእንዝርት ወይስ ጨርቁን ራሱን በመምዘዝ? አሠራሩ ጥንካሬውንም፣ አስተጣጠቡንም፣ የማስመሰል አደጋውንም ይወስናል።

ሦስተኛው ጤንነቱ ነው፤ ብዙ ሰው የሚዘነጋውም ይህን ነው። ጨርቁን ወደ ብርሃን አንሡና በእጥፋቱ መስመር ላይ ተመልከቱ። ለአሥርተ ዓመታት በአንድ መስመር ታጥፎ የኖረ ሊነን (ከተልባ ተክል ክር የተሠራ ጨርቅ) እዚያው መስመር ላይ ይሰባበራል፤ ከፊት ደህና መስሎ በብርሃን ሲታይ ግን ቀጭን ስንጥቅ ያሳያል። ቡናማ ነጠብጣብ የብረት ዝገት ከሆነ በቀላሉ አይለቅም። አጠቃላይ ቢጫነት ግን ብዙ ጊዜ በትዕግሥት ይታጠባል፤ ስለዚህ ቢጫ ጨርቅ ሲያዩ አይሽሹ፣ ዋጋ ያስቀንሱበት።

አራተኛው የትውልድ ማስረጃ ነው፦ ከየትኛው ቤት ወጣ? የስም ፊደላት አሉበት? የትምህርት ቤት ምልክት ወይም አሮጌ ወረቀት አብሮት አለ? ዕድሜን በተመለከተ፣ የአሜሪካ ጉምሩክን ጨምሮ ብዙዎች ጥንታዊ የሚሉት ከ100 ዓመት በላይ የሆነውን ነው። የኢጣሊያ ገበያ ግን አያት የሠራችውን ሁሉ ጥንታዊ ይላል።

ዋጋ የመጨረሻው ነው። ከሌሎቹ በኋላ ሲመጣ ብቻ ትርጉም ይኖረዋልና።

በመርፌ የሚሠራ ዳንቴል፦ ቬኔትሲያና ቡራኖ

ሠሪዋ ንድፉን በብራና ወይም በወፍራም ወረቀት ላይ ትሥላለች፤ መስመሩን ተከትላ ክር ትተክላለች፤ ከዚያ የቁልፍ ቀዳዳ ዙሪያ በሚሰፋበት ዓይነት ስፌት በአንድ መርፌና በአንድ ክር ባዶውን ትሞላለች። ሲያልቅ የተተከለው ክር ይቆረጥና ዳንቴሉ ከብራናው ይላቀቃል። ከሥሩ ጨርቅ የሚባል ነገር የለም። ቬኔትሲያውያን (የቬኒስ ሰዎች) በ16ኛው ክፍለ ዘመን «የአየር ላይ ስፌት» ያሉት ለዚህ ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ወፍራምና ከፍ ከፍ ያለ አበባ ያለው የቬኔትሲያ ዳንቴል የአውሮፓን ቤተ መንግሥታት ገንዘብ እስከ መምጠጥ ደርሶ ነበር። የፈረንሳዩ ሚኒስትር ኮልቤር በ1665 የራሱን አገር የዳንቴል ሥራ ያቋቋመው ይህን ወጪ ለማስቀረት ነው፤ ለዚሁም የቬኔትሲያ ሠሪዎችን አስመጥቷል።

ቡራኖ የቬኔትሲያ ሐይቅ ደሴት ናት። ሙያው ሊጠፋ ተቃርቦ ሳለ፣ በ1872 ከባድ ክረምት ሐይቁን በረዶ አድርጎ ዓሣ አጥማጆቹን ለረሃብ ሲዳርግ፣ መኳንንቷ ኮንቴሳ አንድሪያና ማርቼሎና ፓውሎ ፋምብሪ የዳንቴል ትምህርት ቤት አቋቋሙ። የጥንቱን ስፌት የምታውቅ ቪንቼንሳ ሜሞ የተባለች አንዲት አሮጊት ቀርታ ነበርና ሙያው ከእርሷ እጅ ለትውልድ ተላለፈ። ትምህርት ቤቱ በ1970 ተዘጋ፤ ሕንፃው ዛሬ የዳንቴል ሙዚየም ነው። ሥራው በሠሪዎች ተከፋፍሎ ስለሚከናወን አንዲት ቁራጭ በብዙ ሴቶች እጅ ታልፋለች።

አሁን ወደ ግዢው። በመስፈርታችን ሲለካ ይህ ዓይነት ለአገልግሎት ደካማ፣ ለማስመሰል የተጋለጠ፣ ዋጋውም ከሁሉ የከፋ ነው። ሙሉ የጠረጴዛ ልብስ በሙሉ በመርፌ ዳንቴል ተሠርቶ «የቬኔትሲያ ስፌት» ተብሎ ሲቀርብላችሁ ጠርጥሩ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ከቻይናዋ ሻንቱ አካባቢ በዚሁ አሠራር የተሠሩ የጠረጴዛ ልብሶች በብዛት ወደ ውጭ ተልከዋል። መጥፎ ሥራ አይደሉም፤ አንዳንዶቹ እንዲያውም የሚያስደንቁ ናቸው። የኢጣሊያ ዋጋ ግን አይከፈልባቸውም። የእኔ ምክር ትንሽ ነገር መግዛት ነው፦ አንድ የአንገት ዳንቴል ወይም የመሐረብ ጠርዝ። ለግድግዳ የሚበቃው እርሱ ነው። በቦሎኛ በ1898 የተመሠረተው ኤሚሊያ አርስ የተባለ የዕደ ጥበብ ማኅበር ያሠራቸው የመርፌ ዳንቴሎችም በዚሁ ወገን ይመደባሉ፤ ሰብሳቢዎች ይፈልጓቸዋል፣ ለምግብ ጠረጴዛ ግን አይደሉም።

በእንዝርት የሚሠራ ዳንቴል፦ ካንቱ፣ ኦፊዳ፣ ፔሌስትሪና

ኢጣሊያኖች ቶምቦሎ የሚሉት ይህ ሥራ በደረቅ ትራስ ላይ ንድፍ ተሰክቶ፣ እንደ ሸማኔ ቀሰም ክር የተጠቀለለባቸው ትንንሽ እንጨቶች እየተሻገሩና እየተጠማዘዙ የሚሠራ ነው። በሎምባርዲያ ካንቱ፣ በማርኬ ኦፊዳ፣ በቬኔትሲያ ሐይቅ ፔሌስትሪና፣ በሊጉሪያ ባሕር ዳርቻ ራፓሎና ሳንታ ማርጌሪታ፣ በአብሩትሶ ላኩዊላ ሁሉ የየራሳቸው ዘይቤ አላቸው።

ለመለየት ማጉያ መነጽር ያዙና አንዷን ክር በዓይን ተከተሉ። ክሯ እንደ ድርና ማግ ከሌላዋ በላይና በታች እያለፈች ረጅም መንገድ ስትጓዝ ታዩዋታላችሁ፤ ጥቅጥቅ ያለው ክፍል እውነተኛ ሽመና ይመስላል። በመርፌ ዳንቴል ላይ ግን እያንዳንዷ ቅንጣት ቀለበት ናት።

ለቤት አገልግሎት መካከለኛውና ብልኅ ምርጫ ይህ ነው። ብዙ ጊዜ የሚገኘው በአንሶላ ወይም በጠረጴዛ ልብስ ጠርዝ ተሰፍቶ ነው፤ መታጠብ ይችላል፣ ክሩ ቢበጠስም ሊጠገን ይችላል። የሚደክመው ቦታ ዳንቴሉ ከጨርቁ ጋር የተገናኘበት ስፌት ስለሆነ መጀመሪያ እሱን እዩ። ዳንቴሉ ጤነኛ ሆኖ ጨርቁ ያለቀ ከሆነ፣ ጠርዙን ፈትቶ በአዲስ ሊነን ላይ ማሰፋት ነውር የለውም፤ ጣሊያናውያን አያቶችም ያደርጉት ነበር።

ጨርቁ ራሱ የሚመዘዝበትና የሚቆረጥበት ሥራ

እኔ በጣም የምወደው ይህን ወገን ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ብቆይበት አትቀየሙኝ። እዚህ ዳንቴሉ በጨርቅ ላይ አይጨመርም፤ ከጨርቁ ውስጥ ይወጣል። ሠሪዋ ከሊነኑ ድርና ማግ የተወሰኑ ክሮችን ቆጥራ ትመዝዛለች፤ የቀሩትን በክር ጠቅልላ አጥር ትሠራለች፤ በአጥሩ መካከል ባለው ባዶ ኮከብ፣ ጎማ፣ ቅጠል ትሰፋለች። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ሬቲቼላ የተባለው በሥርዓት የተከፋፈለ የካሬ ዳንቴል የመርፌ ዳንቴል ሁሉ አባት ነው፤ የጨርቁ ክር እየቀነሰ ሄዶ በመጨረሻ ጨርቁ ጠፍቶ ስፌቱ ብቻ ቀረ።

ሬቲቼላ በጥንቱ መልኩ ለሙዚየም ነው። ለገበያ የሚቀርበው አብዛኛው በ19ኛው መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ የተሠራ ትንሣኤው ነው፤ ለእኛ ይህ ይበቃል። ቶስካናና ኡምብሪያ ውስጥ «ፑንቶ አንቲኮ» የሚሉት ከዚሁ ቤተሰብ ሲሆን ወፍራም ሊነን ላይ ነጭ በነጭ ይሠራል። ሲሲሊያ ደግሞ «ስፊላቶ» የሚባል አስደናቂ ሥራ አላት። በአንዱ ዓይነት ክሩ ከሥዕሉ ዙሪያ ብቻ ተመዝዞ መረብ ይሆንና፣ ወፉ ወይም አንበሳው ምንም ያልተነካ ጨርቅ ሆኖ ይቀራል፤ በሌላው ሰፊ መረብ ከተሠራ በኋላ ሥዕሉ በመርፌ እንደገና ይሸመንበታል። ወደ መስኮት ሲያነሡት ሥዕሉ ጨለማ፣ ዙሪያው ብርሃን ሆኖ ይታያል።

እውነተኛነቱን ለማወቅ የተመዘዘው ክር የሚጀምርበትን ጥግ ተመልከቱ። በእጅ በተሠራው ላይ ጥጉ በጥቃቅን ስፌት ተይዞ፣ የተቆረጠው የክር ጫፍ ከሥሩ ተቀብሮ ታገኙታላችሁ። በማሽን በተሠራው ላይ ግን ክር አልተመዘዘም፤ ቀዳዳው በመርፌ ተበስቶ ተገፍቶ ነው የተከፈተው፣ ጥጉም ፀጉር ያወጣል።

ድክመቱ ከውኃ ጋር ነው። ሊነን ውኃ ሲጠጣ ይከብዳል፤ ረጥቦ በአንድ ጫፍ ሲነሣ ሙሉ ክብደቱ በእነዚያ ቀጫጭን አጥሮች ላይ ይወድቃል፣ ይበጠሳሉም። ስለዚህ በአሮጌ አንሶላ ላይ ተኝቶ ይታጠብ፣ ከነአንሶላው ይነሣ። ይህን ለሚያደርግ ሰው ዕድሜ ልክ ያገለግላል።

የአሲሲ ጥልፍ

ቀለም ለሚወድ ሰው። ከጥልፍ ሁሉ የተገለበጠው እሱ ነው፦ የሚጠለፈው ሥዕሉ ሳይሆን ዙሪያው ነው። ጀርባው በመስቀለኛ ስፌት በአንድ ቀለም፣ ብዙ ጊዜ በሰማያዊ፣ በቀይ ወይም በቡናማ ይሞላል፤ ፊት ለፊት የቆሙት ወፎችና ክንፍ ያላቸው አራዊት ባዶ ሊነን ሆነው ይቀራሉ፣ ጠርዛቸውም በጥቁር ወይም በጨለማ ክር ይከበባል። የዛሬው መልኩ ከ1902 ጀምሮ በአሲሲ ድሆች ሴቶች መተዳደሪያ እንዲሆን በተከፈተ የጥልፍ ቤት ታደሰ።

ጠንካራ ነው፣ ለዕለት ሻይ ጠረጴዛ ይሆናል፣ ዋጋውም አይጎዳም። ችግሩ አሠራሩ በንድፍ መጽሔቶች በመላው ዓለም መሰራጨቱ ነው፤ «የአሲሲ» የተባለው ሁሉ አሲሲን አያውቅም። ለአገልግሎት ከሆነ አይጨነቁበት። ቀይ ካለበት ግን ከመታጠቡ በፊት እርጥብ ነጭ ጥጥ ተጭኖበት ቀለም መልቀቁ ይፈተን።

ፊሌት

በቋጠሮ የተሠራ መረብ በክር የሚሞላበት ነው። በቶስካናና በሰርዴኛዋ ቦሳ የታወቀ ነው፤ መጋረጃና የአልጋ ልብስ ይሆናል። ጣታችሁን አሳልፉበት፦ በእያንዳንዱ የመረብ ጥግ ቋጠሮ ከተሰማችሁ በእጅ ነው፤ ካልተሰማ ማሽን ነው። ርካሽ ነው፣ ያምራል፣ ግን ቀለበትና ጥፍር ሁሉ ይይዘዋል። ትንንሽ ልጆች ባሉበት ቤት አልመክረውም።

የሙሽራይቱ ሣጥን፦ አንሶላ፣ የትራስ ልብስ፣ ፎጣ

ኮሬዶ የሚባለው ሙሽራዋ ለትዳር ይዛ የምትገባው ጨርቅ ነበር። እናትና ልጅ ለዓመታት ያዘጋጁታል፤ በስድስት ወይም በአሥራ ሁለት ይቆጠራል፤ በጥግ ላይ የሙሽራይቱ ስም ፊደላት ይጠለፉበታል። ብዙው ጨርቅ አንድም ቀን ሳይዘረጋ ከሣጥን ወደ ሣጥን ተላልፏል። ዛሬ ወራሾቹ የሚቀመጥበት ቦታ ስለሌላቸው ይሸጡታል። ዋጋው ከድካሙ ጋር ሲነጻጸር የሚያሳዝን የሆነው ለዚህ ነው። ለገዢ ግን ሲሳይ ነው።

በኤሚሊያ ሮማኛ የተሠራ ከሆነ ጨርቁ ሊነን ሳይሆን ካናፓ የሚሉት የቃጫ ተክል ሊሆን ይችላል፤ ያ አካባቢ በዚህ ምርት በመላው አውሮፓ የታወቀ ነበር። መጀመሪያ ይሻክራል፣ በታጠበ ቁጥር ይለሰልሳል፣ አያልቅም ማለት ይቻላል። በቤት ሸማኔ የተሠራ አንሶላ መካከሉ ላይ ስፌት ካለበት አትደንግጡ፤ የእጅ ሽመና ዕቃ ጠባብ ስለሆነ ሁለት ወይም ሦስት ቁራጭ ተጋጥሞ ነው፣ ይህም የእጅ ሥራነቱ ምስክር ነው።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። የላይ አንሶላው ጥልፍ የሚታየው ጠርዙ ወደ ውጭ ሲታጠፍ ስለሆነ አንሶላው በግልባጩ ነው የሚዘረጋው፤ ይህን የማያውቅ ገዢ ጥልፉ በተሳሳተ ወገን ተሰፋ ብሎ ያማርራል። ሁለተኛ፣ የድሮ አልጋና ትራስ ልኩ ከዛሬው ይለያል፤ ሜትር ይዛችሁ ሂዱ። የሰው ስም ፊደል የሚከብዳችሁ ከሆነም አትፍቱት፤ ጨርቁ ይቀደዳል፣ ዋጋውም ይወርዳል።

የማሽን ዳንቴል

ከ1880ዎቹ ጀምሮ በስዊዘርላንድ ሳንክት ጋለን አካባቢ፣ ማሽን በሚሟሟ ጨርቅ ላይ ጠልፎ ጨርቁ በኬሚካል እየተበላ ዳንቴል ብቻ እንዲቀር ተደርጓል። ከሩቅ የመርፌ ዳንቴልን በሚገባ ይመስላል። በማጉያ ሲታይ ግን የሚከተሉት ክር አይኖርም፤ ሁሉም ፀጉራም ውስብስብ ነው፣ አበባውም አንድም ልዩነት ሳይኖር ይደጋገማል። የማሽን መሆኑ ተነግሮ በማሽን ዋጋ ከተሸጠ ለመጋረጃ ይሆናል።

በአጭሩ ሲታይ

| ዓይነት | ለዕለት አገልግሎት | በቤት መታጠብ | የማስመሰል አደጋ | ዋጋ ከሌሎቹ አንጻር |
|---|---|---|---|---|
| የመርፌ ዳንቴል | አይመከርም | ባለሙያ ቢያየው ይሻላል | በጣም ከፍተኛ | ከሁሉ ውድ |
| የእንዝርት ዳንቴል ጠርዝ | ለበዓል ጠረጴዛና ለአልጋ | በእጅ፣ ይቻላል | መካከለኛ | መካከለኛ |
| ክር የተመዘዘበት ሥራ | ለበዓል | በእጅ፣ ተደግፎ | መካከለኛ | መካከለኛ እስከ ውድ |
| የአሲሲ ጥልፍ | ይሆናል | ቀለሙ ተፈትኖ | ከፍተኛ፣ ጉዳቱ ትንሽ | ዝቅተኛ እስከ መካከለኛ |
| ፊሌት | በጥንቃቄ | በእጅ፣ ይቻላል | መካከለኛ | ዝቅተኛ |
| የሙሽራ ጨርቅ | በሚገባ | ቀላል | ዝቅተኛ | ዝቅተኛ |
| የማሽን ዳንቴል | ይሆናል | ቀላል | በእጅ ሥራ ስም ካልተሸጠ የለም | ከሁሉ ርካሽ |

ለማን የትኛው?

ገንዘቡ ትንሽ ከሆነና ቤቱ እንግዳ የማይለየው ከሆነ የሙሽራ ጨርቅ ግዙ፤ ሌላውን ሁሉ እርሱት። ፎጣ መሰሉን ጥልፍ ጨርቅ ለዳቦ መሸፈኛ፣ አንሶላውን ለትልቅ ጠረጴዛ ማዋል ይቻላል።

የሠርግ ስጦታ የምትፈልጉ፣ በእንዝርት ዳንቴል የተከበበና የስም ፊደል የሌለበት የጠረጴዛ ልብስ ፈልጉ። የማታውቀው ሴት ስም ያለበት አንሶላ ለሙሽራ አይሰጥም፤ ቢያንስ በእኛ ዘንድ ትርጉም ይሰጠዋል።

በዓመት ሁለቴ ብቻ፣ ለገናና ለፋሲካ፣ የሚዘረጋ ነገር ለሚሻና አቅሙ ለሚፈቅድለት የሲሲሊያ ስፊላቶን የሚያህል አላየሁም። የወጥ ሰሃን ግን አይቀመጥበት፤ በርበሬና ዘይት ከተመዘዘ ክር ውስጥ ከገባ ማውጣቱ ከባድ ነው። ለቡናና ለዳቦ ይበቃል።

ለመሰብሰብ የሚገዛ ሰው አንድ ጤነኛ ቁራጭ ከአሥር የተቀደዱ ይመርጣል። ከኢጣሊያ ለሚያወጣው ደግሞ፣ ዕድሜው ከ70 ዓመት ያለፈ የቅርስነት ዋጋ ያለው ዕቃ ከአገር ሲወጣ ሕግ ይመለከተዋል። የተራ ቤት አንሶላ ይህ ጣጣ የለበትም፤ የ17ኛው ክፍለ ዘመን ዳንቴል ግን ሊኖርበት ስለሚችል ወረቀቱን ሻጩ እንዲጨርስ ከክፍያው በፊት መስማማት ይሻላል።

ማናቸውንም ብትገዙ በረኪና አታስነኩት። ለብ ባለ ውኃና ለስላሳ ሳሙና ዘፍዝፉ፣ አትጭመቁ፣ በጥላ አንጥፋችሁ አድርቁ፣ በወፍራም ፎጣ ላይ በግልባጩ ተኩሱ። ስታርች አድርጎ ማስቀመጥ ተባይ ይጠራል። በፕላስቲክ ከረጢት ሳይሆን በታጠበ ነጭ የጥጥ ጨርቅ፣ ቢቻል ተጠቅልሎ እንጂ ሳይታጠፍ ይቀመጥ።

በኢንተርኔት ለሚገዙ የመጨረሻ ነገር። ከሻጩ አራት ፎቶ ጠይቁ፦ የግልባጩን፣ በጥቁር ጨርቅ ላይ የተነጠፈበትን፣ በመስኮት ብርሃን ፊት የተያዘበትን፣ አንዱን ጥግ ከሳንቲም አጠገብ በቅርብ የተነሣበትን። እውነተኛ ዕቃ ያለው ሻጭ በደስታ ይልካል። ከፊት የተነሣ አንድ ፎቶና «ቡራኖ» የሚል ቃል ብቻ የሚልክላችሁን ግን ትታችሁት እለፉ።